የበሩ ሆድ

ቶሪኖ፣ መስከረም 20 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ላቀች፤ አስመራ፣ ገጀረት።

ማርቆስን በሰላም አስፈጽሞ ለሉቃስ ያደረሰዎ አምላክ ዘመኑን የጤና ያድርግልዎ፤ ለባለቤትዎ ለጋሼም እንዲሁ። እኔ ደህና ነኝ። የዚህ አገር ብርድ ግን የአስመራን ብርድ ቀልድ ያደርገዋል።

ቃል የገባሁትን አደረግሁ። የምሠራበት ፋብሪካ ጎኑ ትንሽ የተጫረ ሳህን ማጠቢያ መኪና ለሠራተኞቹ ይለቃል። አንዱ ደርሶኝ ከጄኖቫ በመርከብ ጫንኩት፤ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ምጽዋ ይደርሳል ብለውኛል። ጋሼ ምጽዋ ሰው አያጡምና እንዲከታተሉት ይንገሩልኝ።

ይህን የላክሁት ሳህኑን ሁሉ ለምታጥብልን ለአደይ ርግበ እጅ ስል ነው። ልሄድ ሰሞን ሻሂ ስታቀብለኝ ብርጭቆው ጎን ላይ ደም አየሁ። ጣቶቿ በአመድና በቀዝቃዛ ውሃ ተሰነጣጥቀው ነበር። "ምንም አይደለም፣ ጠጣ" ብላ በቀሚሷ ጠረገችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ብርጭቆ ከፊቴ አልጠፋም። አሁን ሳህኑን ትደረድራለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ቁጭ ብላ እጇን ቅባት ትቀባለች። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈልግም።

የሚከተለውን ብቻ ይጠንቀቁልኝ። መኪናው ሲተከል ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይቁም። የልብስ ሳሙና አይግባበት፤ አረፋው ገንፍሎ በበሩ ይወጣል። የራሱን ዱቄት ሦስት ካርቶን ልኬያለሁ። አንዴ መሥራት ከጀመረ ደግሞ እስኪጨርስ በሩ አይከፈት። ለአደይ ርግበ አንድ ጊዜ ካሳዩዋት ይበቃታል፤ ዓይኗ የሚያልፈው ነገር የለም።

እጅ ነሥቻለሁ።
የእህትዎ ልጅ ንዋይ


አስመራ፣ ኅዳር 8 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለልጄ ለንዋይ፣ ካለህበት ይድረስህ።

እንዴት ሰንብተሃል? እኔን ካልክ አለሁ፤ ሞቼም ቢሆን የሚነግርህ ሰው አይጠፋም። ጋሽህ ደህና ነው፤ ከቢሮ ይመጣል፣ ጋዜጣ ይዘረጋል፣ ከኋላው ይሸሸጋል።

መኪናህ ገባ። የመጣ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ በራችን ላይ ነበር። ጎረቤታችን ጽጌሬዳ፣ የኮሎኔሉ ሚስት፣ ጆሮዋን ለጥፋበት "ውስጡ እኮ ዝናብ ይዘንባል" እያለች ሁለት ሰዓት ሙሉ አልነቃነቅም አለች። ቅናት ፊቷን እንዴት እንደሚያሳምረው ብታይ።

ሁለት ቀን እንደ ጨዋ ልጅ ሠራ። ጽጌሬዳ ደግሞ "የሰርግሽን የብር ማንኪያ እዚያ ውስጥ ከተሽ ለገረድ ትተሽ ትሄጃለሽ?" አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ በነጋታው ከዓባ ሻውል ቁልፍ ሠሪውን ተወልደመድኅንን አስመጥቼ ጓዳውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ያለውን ሁሉ ቁልፍ በቁልፍ አስደረግሁ። በዚህ ቤት ቁልፍ ያልተበጀለት የጋሽህ አፍ ብቻ ነው፤ እሱም ባይቆለፍም አይከፈትም።

በሦስተኛው ቀን መኪናው ከፊቱ ውሃ ለቀቀ። ከማድ ቤት አልፎ ሳሎን ገባ፤ ጣውላው አብጦ በሩ አልዘጋም ብሏል። ጣሊያኑ ሃያ ዓመት ኖሮበት ያልተነካ ጣውላ በእኔ እጅ አበጠ። ከዚያ ወዲህ በሠራ ቁጥር ይፈሳል። ነገሩን ግን አላጣሁትም፤ ርግበ ናት። እየሠራ ትከፍተዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ በአመድ ስትፈትግ የኖረች ሴት፣ መኪና እንጀራዬን ነጠቀኝ ብላ ነው። ብጠይቃት "ኣይከፈትክዎን" ትላለች፤ አልከፈትኩትም ነው። ሌላ ቃል የላትም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ሌላም አለኝ። ሆዴ ውስጥ ከሚያድር ልንገርህና ይውጣልኝ። ዓይኔ ስለደከመ ደብዳቤህን ጋሽህ ነው ጮክ ብሎ ያነበበው፤ ጽጌሬዳም ተቀምጣ ነበር። "ለአደይ ርግበ እጅ ስል" የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለምን ዝቅ ያደርጋል? አስመራ አሥራ አራት ዓመት ተቀምጬ አደይ ማለት እናቴ ማለት እንደሆነ የማላውቅ መሰለህ? እናትህ ስትሞት አሥር ዓመትህ ነበር። ደሴ ድረስ ሄጄ፣ ቅማልህን ለቅሜ፣ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ያመጣሁህ እኔ ነኝ። እኔ መውለድ ስላልሆነልኝ አክስት ሆኜ ቀረሁ፤ ደሞዝ የምትቀበለው እናት ሆነች። የእኔን እጅ አንድ ቀን አይተኸዋል?

ከእንግዲህ ፖስታው ላይ "ለእናቴ" ብለህ ጻፍ። ከጣሊያን አገር ሌላ የምፈልገው ዕቃ የለኝም።

ያሳደገችህ ላቀች


ቶሪኖ፣ ኅዳር 25 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ላቀች።

ጤናዎን እየለመንኩ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ጣውላው አዘንኩ። ስላስቀየምኩዎም አዘንኩ፤ ደሴ ድረስ መጥተው እንደወሰዱኝ አልረሳሁም።

ሰው ከመውቀሳችን በፊት መኪናውን እንጠይቀው። እዚህ በቀን አሥርና አሥራ አምስት የሚያፈስ መኪና ይመጣልኛል። ከእነዚያ ውስጥ ሰው ከፍቶት የፈሰሰ አንድ እንኳ አላጋጠመኝም፤ በሩ ሲከፈት ራሱ መሥራቱን ያቆማል። እንግዲህ እንዲህ ይደረግ። ከሥሩ ያለውን ውሃ በደንብ አስወልውለው ደረቅ ጋዜጣ ያስነጥፉ። ሳህን ሳይገባበት ባዶውን ይሥራ። መጀመሪያ የሚርሰው የት እንደሆነ ይታይ። ከኋላ ከራሰ ውሃ የሚያስገባው ቱቦ ላልቷል። መሃል ከራሰ ከሆዱ ያለው ፓምፕ ነው። ከፊት ከራሰና አረፋ ካለው ሳሙናው ነው፤ አረፋ ከሌለው በበሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ነው፤ ጎማውን በጣት እየዳበሱ የተቀደደ ወይም የተጣመመ ቦታ እንዳለ ይፈልጉ።

ይህን አደይ ርግበ ትሥራው። እርስዎ ወገብዎን ያምዎታል፤ እሷ ደግሞ ያየችውን እንጂ ያሰበችውን አትናገርም።

የእህትዎ ልጅ ንዋይ


አስመራ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለልጄ ለንዋይ።

ሰላም ላንተ ይሁን። ፖስታህን ገልብጬ አየሁት፤ "ለወይዘሮ ላቀች" ይላል። ፖስታ ቤቱም እንዲሁ ነው የሚጠራኝ።

ያልከውን አደረግን። ጋሽህ ገና ያላነበበውን ጋዜጣ አነጠፍኩበትና በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆጣ ሰማሁት። ባዶውን ሠራ። ከኋላ ደረቅ፣ መሃል ደረቅ፣ አረፋ የሚባል የለም። ከፊት በግራ በኩል መዳፍ የምታህል ቦታ ራሰች፣ ከዚያ ሰፋች። ጎማውን ርግበ ዙሪያውን ዳበሰችው፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው፣ እንከን የለውም።

ከዚያ ሴትዮዋ ምን አደረገች መሰለህ? በሆዷ ተኝታ ጉንጯን ውሃው ላይ አድርጋ ከሥር ወደ ላይ ታይ ጀመር። ብዙ ቆይታ ተነሣችና "ውሃው ከበሩ ጎን አይደለም የሚመጣ፤ ከበሩ ከሆዱ ውስጥ ነው፣ በታች ይወርዳል" አለችኝ። በር ሆድ አለው ወይ? ሳቄ ሊገድለኝ ነበር። ለጽጌሬዳ ነገርኳት፤ አሁን ሁለታችን ስንገናኝ "የበሩ ሆድ እንዴት አደረ?" ነው የምንባባለው። ርግበ ሻይ ስታቀርብ ይህንኑ ስንል ሰምታ ብርጭቆውን አስቀምጣ ቀና እንዳለች ወጣች። ኩራቷ እኮ ነው የሚያቃጥለኝ።

ጽጌሬዳ "ታዲያ ጥፋቱ ያንቺ ገረድ ካልሆነ የማን ነው?" ትላለች። እሷም፣ የዳኛውም ሚስት፣ ሁሉም ርግበ መሆኗን ያውቃሉ፤ እኔው ነኝ የነገርኳቸው። እንግዲህ ጎማ ነው፣ ቱቦ ነው እያልኩ እንደ ሕፃን ቃሌን አልቀያይርም።

ደግሞ አንድ ነገር ላክልኝ። የገላ መታጠቢያ ገንዳችን ተበስቷል። ብረቱ አራት ቦታ ላይ በሚስማር ስፋት ተነድሏል። እዚያ የብረት ቀዳዳ የሚደፍን ማጣበቂያ አይጠፋም። ቶሎ ላከው፤ ከጥምቀት በፊት ቢደርስ እመርጣለሁ።

ያሳደገችህ ላቀች


ቶሪኖ፣ ጥር 2 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ።

ልደቱን በሰላም እንዳዋላችሁ ጥምቀቱንም ያውላችሁ። እኔ ልደትን ከሁለት የሐረር ልጆች ጋር ድንች ቀቅለን አከበርን።

ማጣበቂያውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ጥቅል አድርጌ በአውሮፕላን ልኬያለሁ። ቀዳዳው ደርቆና በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ይቀባ፤ አንድ ቀን ሳይነካ ይዋል። ለገንዳ ይበቃል። የፈላ ውሃ ግን አይወድም፤ በየቀኑ ትኩስ ውሃ ከነካው ከስድስት ወር አያልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እባክዎ ይህን ለአደይ ርግበ ያንብቡላት፦ ልክ ናት። በሩ ሆድ አለው። በውጭ አንድ ቆርቆሮ፣ በውስጥ ሌላ ቆርቆሮ ነው፤ መሃሉ ክፍት ነው። የውስጡ ቆርቆሮ የሆነ ቦታ ከተበሳ፣ የሚረጨው ውሃ በቀዳዳው ገብቶ በበሩ ሆድ ወርዶ ከሥር ከፊት ይንጠባጠባል። እዚህ ይህን ለማወቅ ሰው አንድ ዓመት ይማራል፤ እሷ መሬት ላይ ተኝታ አገኘችው። በሩን ከፍታችሁ የውስጡን ፊት፣ በተለይ ግራውን፣ በባትሪ እዩት። የተወጋ ወይም የተመታ ነገር ይኖራል። ያንን ካገኛችሁ ጥገናው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ስለ ፖስታው ያሉትን አስቤበታለሁ። ቃሉ ትልቅ ስለሆነብኝ እንጂ ንቄ አይደለም። ስመጣ በአፌ ልልዎ ፈልጌ ነበር።

እጇ እንዴት ሆነ? አንድም ቀን አልጻፉልኝም።

የእህትዎ ልጅ ንዋይ


አስመራ፣ ጥር 29 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለልጄ ለንዋይ።

በዓላቱ በደህና አለፉ። ጥቅልህ ዘግይቶ ጥር 25 ነው እጄ የገባው። ቢቀድምም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ርግበ ሄዳለች። እኔ አላባረርኳትም፤ በገዛ አፏ ነው የሄደችው።

ለአስተርእዮ ማርያም፣ ጥር 21፣ የነፍስ አባታችን መምሬ ሰረቀብርሃን ጠበል ሊቀምሱ መጡ። ጽጌሬዳና ሌሎች ሦስት ሴቶች ነበሩ። ነገሩ ዛሬ ይለይ ብዬ ወንጌሉን አስመጣሁና ርግበን ማድ ቤት መኪናው ፊት አቆምኳት። "እየሠራ አልከፈትኩም ብለሽ ማይ። ከማልሽ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ" አልኳት፣ በሰው ፊት። ከዚህ የበለጠ ፍርድ ከየት ይመጣል? እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ቆመች። "ማይ" አልኳት። "ኣይምሕልን" አለች። አልምልም ማለቷ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፣ ሦስቴም ያንኑ መለሰች። "ያልማለ ያመነ ነው፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል" አልኩ።

ጓዟ አንድ ጆንያ አልሞላም። በር ላይ ጆንያውን የብር ማንኪያዬ እንዳይኖርበት ብዬ በሴቶቹ ፊት አስፈትቼ አየሁት፤ ሥርዓት ነው፣ ማንም ያደርገዋል። ከቀሚሶቿ መሃል ያንተ ፎቶግራፍ ተጠቅልሎ ነበር፤ ያቺ በተማሪ ልብስ የተነሣሃት። ወሰድኩባት። የእኔ ልጅ ፎቶ ዓባ ሻውል ምን ይሠራል? ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለሌብነት ስሟ ሳታለቅስ ለወረቀት አለቀሰች።

አሁን ደግሞ ስማ። እሷ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ መኪናው አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ጽጌሬዳ ራሷ ጋዜጣ አንጥፋ አየች፤ ድርቅ ያለ ነው። ከዚህ በላይ ምስክር ትፈልጋለህ? እኔን የሚገርመኝ እንዴት ትከፍተው እንደነበር ነው። በመጣ በሦስተኛው ቀን ተወልደመድኅን በሩ ላይ ሁለት ቀለበት መትቶ ጓጉንቸር አድርጎልኛል፤ መክፈቻው ከወገቤ ተለይቶ አያውቅም። ሌላ መክፈቻ አስቀርጻ ይሆናል። የማታደርገው የለም።

አዲስ ሠራተኛ ይዣለሁ። አደይ የምትላት ሰው እንግዲህ በዚህ ቤት የለችም።

ያሳደገችህ ላቀች


ቶሪኖ፣ የካቲት 18 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ።

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኳቸው። እንደ መኪና ነው ያየኋቸው፤ ከየት እንደሚያፈሱ።

መኪናው ሁለት ቀን ደህና ሠራ ብለውኛል። ከዚያ ተወልደመድኅን መጣ። በሦስተኛው ቀን ፈሰሰ። ያን ጊዜ ስለ ጓዳውና ስለ ቁም ሣጥኑ ቁልፍ ጻፉልኝ እንጂ ስለ መኪናው ቁልፍ አልጻፉልኝም። ሁለት ቀለበት የበሩን ቆርቆሮ በስንት ብሎን በስቶ ይመታል? በአራት። እርስዎ ደግሞ በታኅሣሥ ገንዳችን አራት ቦታ ተነደለ፣ ብረት የሚደፍን ነገር ላክ አሉኝ። አክስቴ፣ ያ ገንዳ ብረት አይደለም። ጣሊያኑ ያሠራው እብነ በረድ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ታጥቤበታለሁ።

ማጣበቂያው ከደብዳቤው ጋር በአንድ ጥቅል ነበር። ጥር 25 ደረሰኝ ካሉ፣ መኪናው ከጥር 21 ጀምሮ በምን ደረቀ? ጥቅሉ ቀድሞ ደርሶዎታል።

መክፈቻው ከወገብዎ ካልተለየ ደግሞ እንዴት ትከፍተዋለች? ይህን ጽጌሬዳ ሳትጠይቅዎ ቀርታ ነው?

የአደይ ርግበ የእህቷ ልጅ ፍስሃየ ትምህርት ቤት በተማረው አማርኛ ጽፎልኛል። የጻፈውን ሳልነካ እገለብጥልዎታለሁ፦

"ክቡር ወንድሜ ንዋይ። ሐትኖይ፣ አክስቴ ርግበ፣ ከእኛ ጋር ዓባ ሻውል አለች። በአንድ ባር ብርጭቆ ታጥባለች። ሙቅ ውሃ የለም። የቀኝ እጅዋ ሁለት ጣት አሁን አይታጠፍም። ለምን አልማልሽም ብዬ ጠየቅኋት። 'ሓቂ እኳ እንተኾነ ኣይምሕልን' አለች፤ እውነት ቢሆንም አልምልም ማለት ነው። አባትዋም እናትዋም ምለው አያውቁም። ካህኑም 'አትማሉ ተብሎ ተጽፏል፣ ተዋት' ብለው ነበር፤ እመቤትየዋ አልሰማችም። ሰዎች አሁን ሌባ ይሏታል፤ ለዚህ ነው ሌላ ቤት ያልያዛት። አንድ ነገር ትለምንሃለች፤ ፎቶግራፍህን። የቐንየለይ፤ አመሰግናለሁ።"

እኔ ከእርስዎ የምፈልገው ብዙ አይደለም። መምሬ ሰረቀብርሃንን ይጥሩ፤ እነዚያኑ ሴቶች ይጥሩ። ወንጌሉን ይዘው "ርግበን ለመሐላ ሳቆማት የብሎኑን ቀዳዳ አላየሁም ነበር" ብለው ይማሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከማሉ እስክሞት ድረስ ፖስታው ላይ "ለእናቴ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ስመጣም እግርዎ ላይ ወድቄ በጥርጣሬዬ ይቅርታ እለምናለሁ። ካልማሉ፣ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት።

ንዋይ


አስመራ፣ መጋቢት 20 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለልጄ ለንዋይ።

ሁዳዴ ነው። ከጾም ጋር ነገር አይስማማኝምና ለመመለስ ዘገየሁ። "የእህትዎ ልጅ" የሚለውንም እንደቆረጥከው አይቻለሁ። ዓይኔ ቢደክምም ለዚህ አይደክምም።

ደብዳቤህን ጋሽህ እንዳያነብ አደረግሁ፤ በማጉያ መስታወት ራሴ ነው ያነበብኩት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንተን ትምህርት ቤት የላክሁህ ለእኔ ዳኛ እንድትሆን አልነበረም። ቀለበቱን ያስመታሁት እኔ ነኝ፣ እሺ። ብሎኑን መቼ እንዳየሁት ግን እዚያ ሆነህ አታውቅም፤ ማንም አያውቅም።

ቅዳሜ ገበያ ርግበን አገኘኋት። እኔን አይታ ትሸሻለች ብዬ ነበር። መጥታ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፣ "ንዋይ ደህና ነው?" አለች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ይዛዋለች። ገለጥ አድርጌ አየሁት። ያየሁትን አልጽፍልህም፤ አንተ መጥተህ እየው። አብራኝ የነበረችው ጽጌሬዳ "ሌባ ስትስምሽ ዝም ትያለሽ?" አለችኝ። ዘንቢሌን አንሥቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ እውነት እውነት ካልክ ይኸው። አሥራ አራት ዓመት አብራኝ ኖራለች። እንቁላል ሲጎድል፣ ስኳር ሲጎድል፣ ስንት ጊዜ ማይ ብያት አልማለችም። እንደማትምል አውቅ ነበር። ያን ዕለት ወንጌሉን ሳስመጣም አውቅ ነበር። "ኣይምሕልን" ስትል ደስ አለኝ፤ ከሰርጌ ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በር ላይ ጆንያዋን ስታነሣ ደግሞ "ንዋይ ሲመጣ በልጅነቱ የሚወደውን ቂጣ አሠሪለት፣ ትንሽ ጨው ይብዛበት" አለችኝ። ያኔ ነው ፎቶውን የወሰድኩባት። አሥራ ሁለት ዓመት እቤቴ ስትኖር ምን ቂጣ እንደምትወድ እኔ አላውቅም ነበር።

ማሉ ያልከኝን አልምልም። መምሬም መሐላ ኃጢአት ነው ይላሉ፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ይህን ለራስህ እንደፈለግህ ቁጠረው።

ፎቶው እኔ ጋ ይቀመጣል። መኪናው ደህና ይሠራል፤ የጾም ሳህን ቅባት ስለሌለው ቶሎ ይጨርሳል። አልጋህን በአዲስ አንሶላ አንጥፌያለሁ። ፖስታው ላይ ግን የጠየቅሁህን ጻፍልኝ። ለማንም አላሳይም። አንድ ጊዜ ብቻ ጻፈው፣ ይበቃኛል።

ላቀች


ቶሪኖ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ ላቀች፤ አስመራ፣ ገጀረት።

ክርስቶስ ተንሥአ።

ለሴቶቹ "ያልማለ ያመነ ነው፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል" ብለው ነበር። እኔም ሰምቻለሁ።

ሥራዬን ጨርሼ ነሐሴ ላይ እመለሳለሁ። የማርፈው ዓባ ሻውል፣ ፍስሃየ ቤት ነው፤ አልጋውን ያንሱት። ፎቶግራፉን ይያዙት። ለአደይ ርግበ አዲስ ተነሥቼ ልኬላታለሁ፤ በጀርባው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጽፌበታለሁ፣ የትኛው እንደሆነ ያውቁታል።

ስለ መኪናው ልንገርዎ የሚገባኝ አለ። ለማንም ደንበኛ ቢሆን የምናገረው ነው። ያ ማጣበቂያ የፈላ ውሃ እንደማይወድ ጽፌልዎ ነበር። ከጥር አጋማሽ ቢቆጠር እስከ ሐምሌ ይቆያል። ከዚያ ይለቅና ውሃው እንደገና ከፊት፣ በግራ በኩል፣ ከበሩ ሥር መውረድ ይጀምራል። ሌላ ማጣበቂያ አልልክም። ያኔ ደረቅ ጋዜጣ ያስነጥፉና የት እንደሚርስ ይመልከቱ። ጉንጩን ውሃው ላይ አድርጎ ከሥር የሚያይልዎ ሰው ግን ቤትዎ ውስጥ የለም።

ንዋይ